የበዓል ማግሥት፦ የከተማችን ነዳያንና የዘወትር ማዕድ

በአዲስ አበባ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ የሚውል ነዳይ ወርኃዊ በዓላትን ከብዙዎቻችን ይልቅ አጥርቶ ያውቃል። በ5 ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ በ12 ወደ ቅዱስ ሚካኤል፣ በ16 ወደ ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ወደ ቅዱስ ገብርኤል፣ በ21 ወደ እመቤታችን፣ በ23 ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ27 ወደ መድኃኔዓለም ያቀናል። ለእኛ የምስጋናና የስእለት ቀን የሆነው ሁሉ ለእርሱ ደግሞ የሚበላ ነገር የሚገኝበት ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ስእለቷ የሰመረላት እናት ዳቦ ቆርሳ ታድላለች፤ ማኅበርተኞች ንፍሮና እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፤ ወጣቶች በሰታቴ የተሠራ ወጥ ከመኪና አውርደው ሰልፍ ያስይዛሉ። እኩለ ቀን ሳይሆን አንዱ ነዳይ ከአምስትና ከስድስት ሰው እጅ ይቀበላል፤ የተረፈውን በፌስታል ቋጥሮ ያስቀምጣል፤ ውሎ አድሮም ይሻግትበታል። በ13 ግን በዚያው በሚካኤል ደጅ የተቀመጠው ያው ሰው ጦሙን ይውላል።

ይህን የምናነሣው የሚሰጡትን ለመንቀፍ አይደለም። በከተሞቻችን ነዳያንን የሚመግቡ በጎ ፈቃደኞች መብዛታቸው በዘመናችን ከምናያቸው መልካም ነገሮች አንዱ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት፣ የግቢ ጉባኤ ምሩቃን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ባልደረቦች፣ የልደት ቀናቸውን በኬክ ፈንታ ከነዳያን ጋር ማሳለፍን የመረጡ ወጣቶች ሁሉ በዚህ አገልግሎት ይሳተፋሉ። በልደትና በትንሣኤ፣ በፍልሰታና በመስቀል ሰሞን ሌሊቱን ሲያበስሉ አድረው ጠዋት የሚያድሉ አሉ። ዋጋቸውን የሚከፍለው እግዚአብሔር ነው። ሆኖም የምግባሩ መልካምነት ስለ አሠራሩ ከመነጋገር ሊከለክለን አይገባም። ዛሬ በከተማ ያለው ረኀብ በበዓል ቀን ቸርነት ብቻ ከሚሸፈን በላይ ሆኗልና።

የረኀቡን መልክ ለመረዳት ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ማስታወስ ይበቃል። በተለያዩ አካባቢዎች በነበሩና ባሉ ግጭቶች ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ዘመድ ፍለጋም ሆነ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ገብተዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት ዐቅም በእጅጉ ወርዷል፤ የዘይት፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ዋጋ ንሯል። በዚህ ምክንያት የሚራበው በደጀ ሰላም የተቀመጠው ብቻ አይደለም። ጥቂት የጡረታ አበል የሚቀበሉ አረጋውያን፣ የቀን ሥራ ያጡ አባወራዎች፣ በሰው ቤት እንጀራ እየጋገሩና ልብስ እያጠቡ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች በራቸውን ዘግተው ይራባሉ። እነዚህ እጃቸውን አይዘረጉም። በኅብረተሰባችን ልመና ትልቅ ነውር ነውና፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ባዶ ድስት እሳት ላይ የምትጥድ እናት ዛሬም አለች። በሰታቴ ወጥ ይዘን ደጀ ሰላም ስንደርስ እርስዋን አናገኛትም።

ሌላም ለውጥ አለ። ፒያሳንና ካዛንቺስን በመሳሰሉ ነባር ሠፈሮች ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ስለ ልማቱ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው አንድ ነገር ነው፤ በአሮጌዎቹ ሠፈሮች ድኻውንና የተሻለ ኑሮ ያለውን በአንድ ግቢ ያኖር የነበረው ጉርብትና ተበትኗል። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ «ቡና ጠጡ» የሚለው ጥሪ፣ ምሽት ላይ ለብቸኛዋ አሮጊት በሳሕን ተሸፍኖ የሚላከው ወጥ አብሮ ተበትኗል። በአዲሱ ሠፈር ያሉት አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ናቸው፤ ካህናቱ የንስሓ ልጆቻቸውን ቤት ገና አላወቁም። ብዙ ዘመን ያለ ሪፖርትና ያለ በጀት ሲመግብ የኖረው ይህ የጉርብትና ማዕድ ሲጓደል ክፍተቱን የሚሞላው ማን ነው?

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። የሰንበቴ ሥርዓት ራሱ የማዕድ ሥርዓት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው እንጀራውን፣ ዳቦውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ካህኑ ባርኮ ይቈርሳል፤ ነዳያን ድርሻ አላቸው። የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ በቅዱሱ ስም የሚዘከረው ዝክር ድኻ ካልቀመሰው ዝክር አይባልም። ተዝካርም ቢሆን ነዳያን እንዲጠግቡበትና ለሞተው እንዲጸልዩለት የሚደረግ ነው። ዛሬ ግን በአንዳንድ ቦታ ነዳያን በእነዚህ ማዕዶች ያላቸው ስፍራ እየጠበበ፣ ተዝካሩ የድንኳንና የባለሙያ ምግብ አብሳዮች ውድድር እየሆነ፣ ለነዳያን ከእንግዶች የተረፈው በመጨረሻ ወደ በር የሚወጣበት ልማድ እየጠነከረ መጥቷል። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጸው በዚህ ዓይነቱ ነገር ነበር፤ በአንድ ማዕድ ላይ አንዱ ጠግቦና ሰክሮ ሌላው ተርቦ ሲነሣ የጌታ ማዕድ እንዳልሆነ ነግሯቸዋል።

ደግሞስ ድኻን መናቅ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች እንዴት ይቻላቸዋል? ቅኔውን የዘረፉት፣ ዜማውን ያደረሱት፣ መጻሕፍቱን የተረጐሙት ሊቃውንቶቻችን ያደጉት አኮፋዳ አንግተው፣ ከውሻ እየተጋፉ፣ በየደጁ ቆመው ስለ እመቤታችን ስም በለመኑት ቁራሽ ነው። የዕውቀታችን ሁሉ ስንቅ የልመና እንጀራ ነበር።

ወደ መጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ስንመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጥቅምት 17 ቀን የቀዳሜ ሰማዕት የቅዱስ እስጢፋኖስን በዓለ ሢመት እናከብራለን። ሊቀ ዲያቆናት እንለዋለን፤ ስለ ሰማዕትነቱና በአይሁድ ሸንጎ ፊት ስለ ሰጠው ምስክርነት ብዙ ይሰበካል። የተሾመበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ በቸልታ ይታለፋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም በየቀኑ በሚደረገው የምግብ አገልግሎት የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ችላ በመባላቸው ማንጐራጐር ተነሣ። ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ልብ እንላለን። ምግቡ የሚታደለው በየቀኑ ነበር። ችግሩ የእህል እጥረት አልነበረም፤ ማን ደረሰው፣ ማን ተዘለለ የሚለው ነበር፤ የተዘለሉትም በቋንቋ ከሌላው የሚለዩት ነበሩ። ሐዋርያትም ቅሬታውን እንደ ሁከት አልቈጠሩትም፤ የሕዝቡን ጉባኤ ጠርተው በመልካም የተመሰከረላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው እጃቸውን ጫኑባቸው። የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታሰባል።

ወጥ ለማደል መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው መፈለጉ የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። ሰልፍ ሲያስይዝ የዋለ በጎ ፈቃደኛ ግን አይገርመውም። ጉልበት ያለው ወጣት ከፊት ሲቀድም፣ ዓይነ ስውሯ ወደ ኋላ ስትገፋ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድም ሳሕኑን ሲወረውር፣ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ሲመጣ በትዕግሥትና በማስተዋል መለየት ጸጋ ይጠይቃል። በተለይ ዛሬ፣ ከልዩ ልዩ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ፣ አማርኛ የማይሰሙ እናቶች በደጃፋችን ባሉበት ጊዜ፣ የኢየሩሳሌም መበለቶች ታሪክ ወቅታዊ ዜና ይመስላል።

ቅዳሴውን የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስም ይህን መንገድ ተከትሏል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ጽኑ ረኀብ በሆነ ጊዜ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጠጎች በስብከቱ አስከፈታቸው፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደሚመሰክርለትም የጥራጥሬ ወጥ በትላልቅ ድስቶች አሠርቶ በገዛ እጁ ለተራቡት ያድል ነበር። (ሽሮ ለነዳያን ማቅረብ የሚያሳፍራቸው ካሉ ይህን ያስቡ።) እዚያ ላይ ግን አላቆመም። ረኀቡ ካለፈ በኋላ ከከተማው ውጭ ለድኾች፣ ለሕሙማን፣ በተለይም ሰው ለሚሸሻቸው ለምጻሞች ማረፊያ ሠራ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በመዝገብ ጽፋ በየቀኑ የምትረዳቸው መበለቶችና ደናግል እስከ 3,000 እንደሚደርሱ ይናገራል፤ እስረኞች፣ ሕሙማንና እንግዶች ሳይቈጠሩ ነው። ይህንም የምታደርገው ከባለጠጎች መካከል እጅግ ባለጠጋ ባልሆነ በአንድ ሰው ገቢ መጠን መሆኑን ጨምሮ ይነግራቸዋል። መዝገብ የሚለውን ቃል እናስምርበት። አንጾኪያ ረኃብተኞችዋን በስም ታውቃቸው ነበር።

በእኛ ዘመን መንግሥትም የበኩሉን ጀምሯል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ «ተስፋ ብርሃን» የሚል ስያሜ የተሰጣቸው የምገባ ማዕከላት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዐቅም ለሌላቸው ነዋሪዎች በቀን አንድ ጊዜ ምግብ ያቀርባሉ። ሜቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2017 ዓ.ም. ሕንፃውን ለማስጨረስ በቀጥታ ሥርጭት ባደረገው ጥሪ ሕዝቡ፣ በውጭ አገር ያለውም ጭምር፣ ያሳየው ልግስና ደግሞ ሁላችንንም አስደንቋል። ስለዚህ «ሕዝቡ ጨክኗል» የሚለው አባባል እውነት አይደለም። የጎደለን ቸርነት አይደለም። ቸርነቱን በየአጥቢያው ሰብስቦ፣ ከበዓል ወደ አዘቦት የሚያሻግር ሥርዓት ነው የጎደለን። በብዙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ መዋቅር ውስጥ የልማትና በጎ አድራጎት ክፍል የሚባል አለ፤ በተግባር ግን «ልማት» የሚለው ቃል «በጎ አድራጎት» የሚለውን ሲውጠው እናያለን። የሚከራይ ሕንፃ ይሠራል፤ ከኪራዩ ለነዳያን ማዕድ የሚመደበው ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ምእመን ግን ጥቂት ነው።

ስለ በጎ ፈቃደኞቹ አሠራርም ጥቂት እንበል። ከሁሉ በፊት ስለ ካሜራ። አሁን አሁን ዳቦ ሲሰጥ የሚቀርጽ ስልክ ከሚሰጠው እጅ እኩል ተዘርግቶ ይታያል። ገንዘብ ለማሰባሰብ ማስረጃ ያስፈልጋል የሚለው ምክንያት እንግዳ አይደለም፤ ለለጋሾች ሒሳብ ማሳየት ተገቢ ነው። ነገር ግን የተጠበሰው ሽንኩርትና የተገዛው ጤፍ፣ የደረሰኙ ቅጅ፣ የሚያበስሉት እጆች ፎቶ ይበቃል። የተቀባዩ ፊት ለምን ያስፈልጋል? ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲሆን ሲያስተምር የሰጪውን ነፍስ ከውዳሴ ከንቱ ለመጠበቅ ብቻ አይመስለንም፤ የተቀባዩም ክብር አብሮ ይጠበቃል። ልጇ ትምህርት ቤት በእኩዮቹ ስልክ ላይ እናቱ ስትለምን ቢያያት የበላው እንጀራ ይተናነቀዋል። በራቸውን ዘግተው የሚራቡት ወደ ማዕዳችን የማይመጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለመን ርዳታ፣ ሰብሳቢው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ አንድ ቀን ሐሜት ያስነሣል። ሐሜቱም ያንን ሰው ብቻ አይጎዳም፤ በማግሥቱ የሚለምነውን እውነተኛውን ጭምር ያስጠረጥራል። የአጥቢያው ሕጋዊ ደረሰኝና ሁለትና ሦስት ፈራሚ ያለው ሒሳብ ሸክም ቢመስልም የአገልጋዩን ስም ይጠብቃል። ጳውሎስ ራሱ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይኖር ከአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አድርጓል።

ሦስተኛው ጥርጣሬያችን ነው። «እነዚህ ሠርተው መብላት የሚችሉ ናቸው»፣ «በባንክ ብር ያላቸው ለማኞች አሉ» የሚሉ ንግግሮች በየታክሲው ይሰማሉ። የሚያታልል የለም አንልም። ነገር ግን ለአንድ ጭልፋ ወጥ ይህን ያህል ምርመራ የምናደርግ ሰዎች በሌላው ወጪያችን እንዲህ ጠንቃቆች ነን ወይ? «እግዜር ይስጥልን» የሚለውን የእንቢታ ቃል ለምደነዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ የተራበውን በመልካም ቃል ማሰናበት ምን ይጠቅማል ሲል የጠየቀው ይህንኑ ይመስላል። ሃይማኖትም ቢሆን በማዕድ ላይ አይጠየቅም፤ በደጃችን የተቀመጠው ሙስሊም ወንድም ወይም ፕሮቴስታንት እናት ሳሕኑን ከመቀበላቸው በፊት ምንም አይጠየቁም። እንጀራን ለእምነት ማስለወጫ የሚያደርጉትን ስንቃወም ኖረን እኛ በዚያው ብንገኝ አሳፋሪ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው አንድ ነገር በየግቢያችን አለ፤ የሰንበቴ ቤት። በአብዛኞቹ አጥቢያዎች ከአንድ በላይ የሰንበቴ ቤቶች አሉ፤ ወንበርና አግዳሚ፣ ጣባና ብርጭቆ፣ አንዳንዶቹም ማብሰያ አላቸው። ከእሑድ እስከ እሑድ ግን ተዘግተው ይሰነብታሉ። የሰበካ ጉባኤው ቢፈቅድ፣ ሰንበቴዎቹ ቤታቸውን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉልበቱን፣ ማኅበራቱ ተራቸውን ቢያዋጡ በሳምንት ሁለትና ሦስት የአዘቦት ቀን ትኩስ ሽሮና እንጀራ በጣራ ሥር፣ በአግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚበላበት ማዕድ ይዘረጋል። በሰልፍ ፀሐይ ላይ ቆሞ በፌስታል መቀበልና ተቀምጦ፣ እጅ ታጥቦ፣ በሳሕን መብላት ለሰው ልብ አንድ አይደሉም። የአጥቢያው የንስሓ አባቶች ደግሞ በራቸውን ዘግተው የሚራቡትን የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ስም ሳይጠሩ «ለሦስት ቤት ስጡኝ» ብለው ደረቅ ራሽን ወስደው ማታ የሚያደርሱ ካህናት በየቦታው ቢኖሩ ያቺ ባዶ ድስት የምትጥደው እናት ትደረስበታለች።

ስለ ወጪው፣ ጾማችን ራሱ መልስ አለው። ሄርማስ የጻፈውና ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ተተርጉሞ የቆየው «ኖላዊ» የተሰኘው መጽሐፍ፣ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ እንዲሰጥ ያስተምራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የቀረውን ቁርስና ሥጋ ያስላ ሰው፣ ሒሳቡ ቀላል እንዳልሆነ ያያል። አሁን አሁን ግን የጾም ምግብ ራሱ ከፍስኩ የሚወደድበት ገበታ እየተለመደ ስለሆነ ሒሳቡን ከመሥራታችን በፊት ገበታችንን ማየት ሊያስፈልገን ይችላል።

አገልግሎቱን የሚጀምሩ ወጣቶች አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ እንመክራለን፤ በትልቁ አይጀምሩ። አምስት መቶ ሰው መግበው በሦስተኛው ወር ከሚደክሙ፣ ሠላሳ ሰው እየመገቡ ዓመታት ቢዘልቁ ይሻላል። የሚመጣው ሰው ማክሰኞ ምግብ አለ ብሎ ካመነ በኋላ ማክሰኞ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ከመጀመሪያው ባልጀመሩት ይሻል ነበር። ከተመጋቢዎቹም መካከል ሽንኩርት የሚልጡ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ ሳሕን የሚያጥቡ አይጠፉም፤ ሥራ ስጧቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

የት እንጀምር ለሚሉ ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ። ከታላላቆቹ ወርኃዊ በዓላት መካከል ቅድስት ሥላሴ በ7 ነው፤ ቅዱስ ሚካኤል በ12። በመካከል ያሉት አራት ቀናት፣ ከ8 እስከ 11፣ በብዙ አጥቢያዎች ደጅ ሰታቴ የማይወርድባቸው ቀናት ናቸው። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት 8ን፣ አንድ የጽዋ ማኅበር 9ን፣ አንድ ሰንበቴ 10ን፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች 11ን ቢይዙ በዚያ አጥቢያ የሚውሉ ነዳያን እስከ ሚካኤል ድረስ ይደርሳሉ።